ሚስቴ ያላዘዘችው ሳህን

ሚስቴ ምንም አላዘዘችም። ነገሩ የጀመረው ከዚህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ ውሃ ጠማን፤ እሷም «እዚህ ጋ ጥሩ ጁስ ቤት አለ» ብላ ባጃጁን አስቆመችው። ገብተን ተቀመጥን። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ላነብ መነጽሬን ሳወጣ፣ ጁስ ሠሪው ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ አየት አደረጋት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። በቃ፣ ይኸው ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ መጥቶ ፊቷ አስቀመጠ።

ሳህኑ ውስጥ ያለው በማንኪያ የሚበላ ወፍራም የአቮካዶ ጁስ ነው። ተማሪዎቹ ስሙዚ ቦውል ይሉታል። ላዩ ላይ በትንንሹ የተከተፈ ፓፓያ በአንድ ወገን ተደርድሯል፤ አጠገቡ የተቆላ የዱባ ፍሬ፣ ከዚያ ቴምር፣ ከዚያ የተፈጨ ተልባ፣ ዳር ላይ ደግሞ የደቀቀ ኦቾሎኒ አለ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ «ኦቾሎኒውን አድቅቄዋለሁ፤ ለግራ ጥርስሽ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በትህትና፣ «ለእርስዎስ ጋሼ፣ ምን ይሁን?» ሲል ጠየቀኝ።

እሷን አንቺ፣ እኔን እርስዎ። ስፕሪስ አዘዝኩ። መጣልኝ፣ ጠጣሁት፤ ማንጎ ይሁን ጓቫ ዛሬም አላውቅም። ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ግራ ጥርስ ላይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረን፣ ሚስቴ የሚያማት ጥርስ እንዳላት የሰማሁት ከፓፓያ ቆራጭ ነው። ቀናሁ። ቃሉን አላድበሰብሰውም፤ እንደ ኮረዳ ቀናሁ።

የማስታወስ ችግር ያለብኝ ሰው አይደለሁም። የምሠራው ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የተመረቀ ልጅ ትራንስክሪፕት ሊያወጣ መስኮቱ ላይ ብቅ ሲል፣ ስሙን ሳይነግረኝ ዲፓርትመንቱን እነግረዋለሁ። ባልደረቦቼ በዚህ ያደንቁኛል፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሲያደንቁኝ እወዳለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ገዛ ሚስቴ እኔ የማላውቀውን ሊያስታውስ ይችላል የሚል ነገር በጭራሽ አስቤ አላውቅም ነበር።

እሷ የደሴ ልጅ ናት፤ ለትምህርት መጥታ ሀዋሳ ቀረች። እኔ የይርጋለም ልጅ ነኝ፣ ያደግሁትም በጴንጤ ቤት ነው። ስንጋባ እሷ የእሷን፣ እኔ የእኔን ቤተ ክርስቲያን እንድንይዝ ተስማምተን፣ ተከባብረን ኖረናል። ውጭ ስንበላ የማዝዘው እኔ ነኝ። አሞራ ገደል ስንሄድ ዓሣውን የምመርጠው እኔ፣ ይጠበስ ወይስ ሾርባ ይሁን የምለውም እኔ ነኝ። እሷ «እሺ» ትላለች። ይህን እሺታዋን ከፍቅር ነበር የምቆጥረው።

ከጁስ ቤቱ ወጥተን ባጃጅ ውስጥ ስንገባ፣ ሰውዬው እንዴት እንደሚያውቃት እንደ ዋዛ ጠየቅኋት። ከሥራ ስትመለስ ሰርቪሱ የሚያወርዳት እዚያው አስፋልቱ ላይ ስለሆነ አንዳንዴ ጎራ እንደምትል ነገረችኝ። የምትሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው፣ ቢሮ። «አንዳንዴ» የሚለው ቃል አልተዋጠልኝም። አንዳንዴ ለምትመጣ ደንበኛ ማንም ኦቾሎኒ አያደቅም።

ሰኞ ከሥራ እንደወጣሁ እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። ከጁስ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ መስታወቱ ወደ መንገዱ ያሳያል። ገብቼ መታወቂያዬን ኮፒ አስደረግሁ። ማክሰኞ የመብራት ደረሰኝ አስደረግሁ። ረቡዕ ሌላ ወረቀት ስላጣሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን ይዤ ሄድኩ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ወረቀቱን አይታ እኔን አየችኝ፤ ክስ የምመሠርት ሳይመስላት አልቀረም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። እየሳቁ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አይስቁም። ሚስቴ ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጣ ሳህኗን ይዛ ታወራለች፤ ሰውዬው ይሰማል። ፓፓያ እየቆረጠ ከሆነ ቢላዋውን ያቆማል። ሌላ ደንበኛ ሲመጣ አስተናግዶ ይመለሳል፣ እሷም ካቆመችበት ትቀጥላለች። በሦስቱም ቀን ቤት ገብታ «ቀኑ እንዴት ነበር?» ስላት «ደህና» አለችኝ። ለእኔ አንዲት «ደህና» ብቻ የተረፈቻት ሴት፣ ለዚያ ሰው ይህን ሁሉ የምትነግረው ምንድን ነው? ሌት ተቀን ያንገበገበኝ ይኼ ነበር። እሱንም ረገምኩት፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። የሰው ሚስት ጥርስ ምን አገባው?

ነገሩ ጁስ ከሆነ እኔም አላንስም ብዬ ተነሳሁ። ቅዳሜ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሱቆች ብሌንደር ገዛሁ። ለሳምንቱ ደግሞ ላዩ ላይ የሚደረገውን ነገር ሁሉ ከየሱቁ ለቀምኩ፦ እርጎ፣ ማር፣ የዱቄት ወተት፣ ኮርንፍሌክስ፣ የኮኮናት ፍርፋሪ፣ የቸኮሌት ብስኩት። እነዚህን የመረጥኩት ስልክ ላይ ካየኋቸው ፎቶዎች ነው። ምን እንደምትወድ አልጠየቅኋትም። መጠየቅ መሸነፍ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከእሷ ቀድሜ ቤት ገባሁና ሠራሁት። አቮካዶውን ፈጨሁ፣ እርጎውን በላዩ አፈሰስኩ፣ ብስኩቱን ሰባብሬ ተከልኩበት፣ ኮርንፍሌክሱን፣ ኮኮናቱንና የዱቄት ወተቱን በተንኩ፣ ማሩን እንደ ጉድ አወረድኩበት። ሳየው ኮራሁ። ሰውዬው አምስት ዓይነት ከሆነ ያደረገላት፣ የእኔ ስድስት ነው። በሩ ሲከፈት ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኋት።

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ አየችው። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ እኮ የገና ጾም ገባ» አለችኝ።

ዘጠኝ የገና ጾም አብረን አሳልፈናል። በየዓመቱ ቅቤው ከማብሰያው አጠገብ ሲነሳ፣ ዘይቱ ሲቀርብ አያለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ መውጣቷንም አይቻለሁ፤ ረፍዶባት ነው ብዬ አለፍኩት። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እኔ ቀንዱን ከነእርጎው ነከስኩት። ቁጣ ብትጨምርበት ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ልታጽናናኝ ብላ ይመስለኛል፣ ጾም ባይሆንም ኖሮ እርጎና ወተት ከኪኒኗ ጋር እንደማይሄድ ነገረችኝ።

«የምን ኪኒን?» አልኳት።

ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች። «የደም ማነሱን ነዋ። ነግሬህ ነበር።»

ነግራኝ ነበር። እያደር ትዝ አለኝ፤ መስከረም ላይ፣ የተማሪዎች ምዝገባ አናታችን ላይ በወጣበት ሰሞን ነው። ከሰርቪሱ ስትወርድ ዞሯት፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመርምራ፣ ደሟ ዝቅ ብሎ ተገኝቶ ነበር። ማታ ስትነግረኝ እኔ ስልኬ ላይ አንዱ ዲፓርትመንት ስለላከው የተዛባ ሊስት እየተጻጻፍኩ ነበር። ቀና ሳልል «አይዞሽ፣ ይሻልሻል» አልኳት። ረሳሁት ማለት ይከብዳል፤ ከመርሳትም የባሰ ነው፤ መጀመሪያውኑ አልሰማኋትም።

እሷ ሽሮዋን አሞቀች። እኔ ያንን ሳህን ቆሜ ጨረስኩት። ኮርንፍሌክሱ ርሶ ልጥፍ ብሎ ነበር፤ ማሩ ጉሮሮ ይከረክራል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እንደ እኔ ያለውን ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይተወው ነበር። እኔም አፍሬያለሁ፤ ግን እፍረቱ ቅናቴን አላበረደውም፣ ቤንዚን ሆነበት። ምክንያቱም አሁን ለሰውዬው የምትነግረው ምን እንደሆነ ገባኝ። የምትነግረው ለእኔ ነግራኝ ያልሰማኋትን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት ጁስ ቤቱ ሄድኩ። የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ፤ «ወንድሜ፣ ሚስቴን ለእኔ ተዋት» የሚል ነው። ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ሰውዬው አቮካዶ እየገመሰ ነበር። ባንኮኒው ላይ ሁለት ብሌንደር አለ፤ የአንደኛው ክዳን አረንጓዴ ፕላስተር ተለጥፎበታል። አፌን ለመክፈት ያህል ይህ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ትናንት ጾም ስለገባ ለጾመኞች የለየው መሆኑን፣ ወተት እንዳይነካው ብቻውን እንደሚያጥበው ነገረኝ። ሰውዬው ሙስሊም ነው፤ የራሱ ጾም ገና ወራት ይቀሩታል። የሚስቴን ጾም ግን እሱ ያውቃል፣ እኔ አላወቅሁም። ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት።

«እንኳን መጡ ጋሼ» አለኝ። «እኔ እኮ ስጠብቅዎት ነበር።»

የመጣሁት ለመማር መስሎታል። እጁን ጠርጎ አንድ በአንድ ያሳየኝ ጀመር። የዱባ ፍሬ በለስላሳ እሳት ነው የሚቆላው፣ መፈንዳት ሲጀምር ይወርዳል። ተልባ ተቆልቶ ካልተፈጨ እንደገባ ይወጣል፤ ጥቅም የለውም። ቴምሩ በስኳር ፋንታ ነው። ፓፓያውና ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ሰውነት ውስጥ እንዲገባ ያግዛሉ፤ ቡናና ሻይ ግን አጠገቡ አይድረሱ። እኔ የደረደርኩትን ስድስት ነገር ሳልነግረው፣ ስለ ብዛት ደግሞ ራሱ አነሳው። አንድ የሚቆረጠም፣ አንድ የሚጣፍጥ፣ አንድ የሚጎመዝዝ ነገር ካለ፣ የቀረው ለጉልበት ነው አለኝ፤ ጣፋጩ በጣፋጭ ላይ ሲከመር ምላስ ግራ ይገባዋል፣ ሰውም ሳይጨርስ ይተወዋል። ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው፣ ሚስቱ ከወለደች በኋላ ደሟ ወርዶ ስለነበር እየሠራላት እንደተማረ ነገረኝ።

ሚስት አለችው። ይህ ሊያረጋጋኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ይባስ ብሎ ባልነቱም አስቀናኝ።

የዱባ ፍሬውን በወረቀት እየጠቀለለልኝ፣ «ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ቤት ሲሠራልሽ ይሻላል ብያት ነበር» አለኝ።

«ምን አለችህ?»

«ሥራ ይበዛበታል፣ ይደክመዋል አለች።»

ስሜን አላጠፋችም። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ተደብቄ ስሰልላት፣ እሷ እዚህ ተቀምጣ ገበናዬን ስትሸፍን ነበር። ሰውዬው ጥቅሉን ሲያቀብለኝ፣ «ሐሙስ ውጤቱ ጥሩ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ተመኘልኝ።

«የምን ሐሙስ?»

ወዲያው ገባው። ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ንጹሑን ባንኮኒ እንደገና መወልወል ጀመረ። ድጋሚ የምትመረመርበት ቀን መሆኑን እየተርበተበተ ነገረኝ። ቢንቀኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ እኔ ማፈሩ ግን አሳረረኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ የሐሙሱን ውጤት ከእሱ ቀድሜ መስማት። እንደ ሕፃን ነው፣ አውቃለሁ። የደሟ ነገር አሳስቦኛል፤ ሌሊት ትንፋሿን እያዳመጥኩ ጸልያለሁ። ግን ከጸሎቱ ሥር ሌላ ጸሎት ነበረ፤ ጌታ ሆይ፣ መጀመሪያ ለእኔ ትንገረኝ የሚል። በቀጥታ ሐሙስ ምርመራ አለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ከማን ሰማህ ትለኛለች፤ ከማን እንደሰማሁ ከምናገር ምላሴ ቢቆረጥ እመርጣለሁ። ራሷ እንድትነግረኝ ግን ዕድል ሰጠኋት፤ በየማታው ስልኬን አስቀምጬ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። እሷ «ምን ሆነሃል?» ትለኛለች።

ሐሙስ ከቢሮ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ወሰድኩ። መንገድ ላይ ወጥቼ ልጠብቃት አስቤ ነበር፤ ከሰርቪስ የምትወርድበትን ቦታና ደቂቃ እንዴት አወቅህ ብትለኝ ምን እላለሁ? ልደውልላትም አሰብኩ፤ ልመና መሰለብኝ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ወሰንኩ፦ ጁስ ቤቱ ጎራ ብላም ብትመጣ፣ የእኔን ሳህን ስታይ ይገባታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልጋትም።

ኮቴን ሳሎን ወንበር ላይ ጥዬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁ። የመጀመሪያው የዱባ ፍሬ አረረብኝ። ሁለተኛውን በለስላሳ እሳት ቆላሁት፤ መፈንዳት ሲጀምር አወረድኩት። ተልባውን ቆልቼ በብሌንደሩ ፈጨሁት፣ ካልላመ አይጠቅማትም ብዬ ደጋግሜ ፈጨሁት። ብሌንደሩን አጥቤ አቮካዶውን ጨመርኩ፤ እንዳይቀጥን ውሃ ስለሰሰትኩበት ሞተሩ እንደታነቀ ይጮሃል፣ አጠፋዋለሁ፣ በማንኪያ እገለብጠዋለሁ፣ እንደገና ይጮሃል። ኦቾሎኒውን ግን በእጄ፣ በሙቀጫ አደቀቅሁት። ፓፓያውን ከተፍኩ፣ ቴምሩን ፍሬውን አውጥቼ ሸነሸንኩት፣ በላዩ ሎሚ ጨመቅሁበት። በሕይወቴ ለአንድ ሳህን እንዲህ ለፍቼ አላውቅም።

ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን መጣች። ሳህኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ከፓፓያው ጀመረች። ከዚያ የዱባ ፍሬው፣ ከዚያ ኦቾሎኒው፤ ኦቾሎኒው ላይ ስትደርስ በግራ በኩል አኘከች። ሦስት ማንኪያ ያህል በልታ፣ «ዛሬ ውጤት ወሰድኩ» አለች። «ደሜ ተመልሷል። ኪኒኑን ትንሽ ጊዜ ቀጥዪ፣ ከዚያ ታቆሚያለሽ አለችኝ ሐኪሟ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ ከልቤ ነው። ደግ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞልቶት እያለ እንኳን ያ ነገር ውስጤ አልተኛም። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

«ለጁሱ ሰውዬስ ነገርሽው?»

ማንኪያዋን አየር ላይ ያዘችው። ስለሱ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ምን ያህል ጊዜ እንደቀናሁ፣ ከየት ጀምሬ እንደቀናሁ ፊቴ ላይ ያነበበችው ይመስለኛል። ወደ ሳህኑ ተመለሰች። «በበሩ ሳልፍ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት» አለች።

እንግዲህ ተቀደምኩ። ተቀምጬ የእሷን መብላት አያለሁ፤ ደስታዬ ላይ ያ የታወቀው መራራ ነገር ሲወርድበት ይሰማኛል። ያንን ሁሉ ተልባ ፈጭቼ፣ ያንን ሁሉ ፍሬ ቆልቼ ሁለተኛ ሆንኩ። እሷ ሳህኑን እስከ ታች ጠርጋ በላችው። ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ አፏን ጠረገች፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ እንዲህ አለችኝ፦

«ከጤና ጣቢያው እንደወጣሁ በሩ ላይ ቆሜ ደወልኩልህ። ሦስት ጊዜ።»

ተነስቼ ሳሎን ሄድኩ። ከኮቴ ኪስ ስልኬን አወጣሁ። ሦስት ያልተነሳ ጥሪ አለ፤ ሦስቱም የእሷ ናቸው፣ ሦስቱም የተደወሉት እኔ ብሌንደሩን ሳስጮህ ነው።